አባቴ «ጥናቱ ውስጥ አልገባም» ያለ ዕለት

ሰፈራችን ሆጤ ውኃ በጠፋ ሰሞን፣ ጄሪካን ይዘን በተሰለፍንበት፣ አንዲት ጎረቤቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ «አንቺ እኮ ሆስፒታል ሰው ላይ መድኃኒት የምትሞክሪ ሆነሻል አሉ። ሰው እንደ አይጥ!» አለችኝ።

ሰልፉ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም መልሴን ይጠብቃል። ደክሞኝ ነበር፤ ከሥራ ወጥቼ ጫማዬን እንኳ አልቀየርኩም። ግን ዝም ብዬ ውኃዬን ቀድቼ ብገባ ነገሩ እንደዚያው እውነት ሆኖ እንደሚቀር አውቃለሁ።

«አዎ፣ ሰው ላይ ነው የሚሞከረው» አልኳት። «ልጅሽ ባለፈው የጠጣው ሽሮፕ ምን ላይ የተሞከረ ይመስልሻል? ዛፍ ላይ?»

ከኋላ አንዳንዱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«አንድ ሰው፣ የሆነ አገር፣ ታሞ ሳለ ተጠይቆ እሺ ብሎ ነው። እኛስ እስከ መቼ ሌላው እሺ ባለልን ስንድን እንኖራለን? የደሴን ብርድ የሚስበው የእኛ ሳንባ ነው። መድኃኒቱ ለእኛ ይሁን አይሁን እዚሁ ካልተጠየቀ የት ይጠየቅ?»

«ወላሂ፣ አፍሽስ አይታማም» ብላ ጄሪካኗን በእግሯ ወደፊት ገፋች።

ነርስ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ደሴ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ክረምት ገብቶ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ አስም ያለባቸው ሰዎች ይበዙብናል። በባጃጅ ይመጣሉ፣ በልጆቻቸው ጀርባ ታዝለው ይመጣሉ። ትንፋሻቸው ከበሩ ጀምሮ ያፏጫል፤ ትከሻቸው ከጆሯቸው ይደርሳል። ኦክስጅን እንሰጣለን፣ የሚሳበውን መድኃኒት ደጋግመን እንነፋለን፣ መርፌ እንወጋለን። አብዛኛው ቀለል ይለዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎለት የማይመለስም አለ።

ጥናቱ የመጣው ለእነዚህ ነው። በተለመደው ሕክምና ላይ በደም ሥር የሚንጠባጠብ አንድ መድኃኒት ቢጨመር ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ። ከተስማሙት ሕሙማን ግማሾቹ መድኃኒቱን ያገኛሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ጨው ያለው ውኃ ብቻ። እሽጉ ከላይ ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው፤ ለማን ምን እንደደረሰው ታማሚውም፣ እኔም፣ ሐኪሙም አናውቅም። የተለመደው ሕክምና ግን ከማንም አይቀርም። መሪው ወጣት ሐኪም ነበር፤ ፈጣን፣ ምሳውን ቆሞ የሚበላ፣ ሥራውን የሚወድ። ሕሙማኑን እያስረዳሁ ፈቃዳቸውን እንድጠይቅ የመረጠኝም እሱ ነው።

ገና ሥራው እንደተጀመረ አንድ ባልደረባችን ሲያየኝ ቆይቶ «ሲስተር፣ ምን ያደክምሻል? ለገበሬ ስለ ጥናት ብታወሪለት ሊገባው ነው? አውራ ጣቱን ቀለም አስነክተሽ ጨርሺ» አለኝ። በሳቅ ነው ያለው። እኔ አልሳቅኩም።

«እኔም የገበሬ የልጅ ልጅ ነኝ» አልኩት። «ካልገባው ማስረዳት ያቃተኝ እኔ ነኝ።»

ያን ቀን እልህ ገባኝ። እንዴት ባስረዳ ይሻላል ብዬ ሳስብ ከርሜ ቅርጫ ትዝ አለኝ። ቅርጫ የማያውቅ ወሎዬ የለም። በሬው ይታረዳል፤ ሥጋው መደብ በመደብ ይደረጋል፤ ከዚህ ተቀንሶ እዚያ እየተጨመረ መደቡ ይስተካከላል፤ ከዚያ ዕጣ ይጣላል።

«ለምን ዕጣ ይጣላል?» እያልኩ እጠይቃቸው ጀመር።

«እንዳይዳላ ነዋ!» ይሉኛል።

«እኛም እንዳናዳላ ነው። ለምናዝንለት መድኃኒቱን፣ ለሌላው ውኃውን ብንሰጥ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ አይታወቅም።»

ከወረባቦ የመጡ አንዲት እናት ይህን ሰምተው፣ በየቃሉ መሃል ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ «ውኃው... ቢደርሰኝ... ትተዉኛላችሁ?» አሉኝ።

«አንተውዎትም፣ እማ። ሌላው ሕክምና ሁሉ ይደረግልዎታል።»

«መድኃኒቱ... ቢጎዳኝስ?»

«ሊያዞርዎ ይችላል፤ ደም ግፊትዎንም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። አጠገብዎ ቆሜ እለካለሁ።»

«በይ እንግዲህ... በአላህ ስም። ለልጅ ልጆቼ... ይሁን» አሉ። ያ ባልደረባችን ከመጋረጃው ወዲያ ይሰማ ነበር። ዞር ብዬ አየሁት።

እምቢ የሚሉም ነበሩ። አንዷ ባሏን ሳትጠይቅ እንደማትወስን ነገረችኝ፤ ሌላው ደግሞ ምክንያት የለኝም፣ ዝም ብዬ አልፈልግም አለኝ። «እሺ» እላለሁ፤ ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ የሚሳበውን መድኃኒት እነፋላቸዋለሁ። እምቢታቸው እጄን እንዳያቀዘቅዘው እጠነቀቅ ነበር። ይህን ሁሉ ሳደርግ ነገሩ አንድ ቀን ቤቴ ይገባል ብዬ ግን አላሰብኩም።

አባቴ ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው። ዕድሜ ልኩን ሚኒባስ ነድቷል፤ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ በቀን ስንቴ እንደወጣና እንደወረደ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። አስሙ ሲጠናበት መሪውን ለወንድሜ ሰጥቶ፣ «ደሴ ብርዷ ገዳዬ ነው» ብሎ ሞቅ ወዳለው ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ደሴ የሚመጣው ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ ነበር፤ ያውም ከሰዓት ሳይሆን ተመልሶ ለመውረድ እየተጣደፈ።

ያን ዕለት የመጣው ለለቅሶ ነው። የድሮ የሥራ ጓደኛው ሞቶ ቀብር ላይ ዝናብ መታው። ከቀብር መልስ ወንድሜ ፒያሳ ላይ ሊያሳፍረው ሲጠብቅ፣ አባቴን የአንድ ሱቅ በረንዳ ዓምድ ተደግፎ፣ አፉን ከፍቶ አገኘው። መኪናውን እዚያው ጥሎ በባጃጅ ይዞት መጣ።

ረፋድ ላይ ነበር። በሩ ሲከፈት ፉጨቱን ሰማሁና እንደ ልማዴ ኦክስጅኑ ወዳለበት ዞርኩ። ስመለስ አልጋው ላይ የተቀመጠው አባቴ ነው። ኮቱ ርሷል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ወደፊት አዘንብሏል። አየኝና ዓይኑን ገርበብ አደረገ፤ አብሽሪ ማለቱ ነው። እሱ አየር አጥሮት እኔን ያጽናናል።

ባልደረቦቼ «አንቺ ተይው፣ እኛ አለን» ብለው ከአልጋው ፈቀቅ አደረጉኝ። ማስኩን አደረጉለት፤ መድኃኒቱ ተነፋ፤ መርፌው ተወጋ። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ በእጁ ፊቱን ይጠርጋል። ትንሽ ቆይቶ የጥናቱ መሪ ወረቀቱን ይዞ መጣ። የታመመው አባቴ እንደሆነ ሲያውቅ ደነገጠ፤ ግን አባቴ ጥናቱ የሚፈልገው ዓይነት ታማሚ ነበር፤ መጠየቅም ነበረበት። ራሱ በርከክ ብሎ በደንብ አስረዳው። ቅርጫዋን ሳይቀር ነገረው። አባቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ከዚያ ማስኩን በጣቱ ገለጥ አደረገ።

«አልገባም» አለ።

«አባባ፣ ሊጠቅምዎት ይችላል እኮ።»

«ሰማሁ... ገብቶኛል... አልገባም።» ማስኩን መልሶ ለበሰ።

እኔ እንዲገባ እፈልግ ነበር። በጥናቱ አምናለሁ፤ መድኃኒቱም ከጥናቱ እሽግ በቀር በእጃችን አልነበረም። ቀርቤ «አባ፣ እኔ ያለሁበት ሥራ ነው» አልኩት በጆሮው። ራሱን ግራ ቀኝ ነቀነቀ። እጄን ያዘ፤ ግን ነቀነቀ።

ሐኪሙ ወደ መድኃኒት ቁም ሣጥኑ ጥግ ጠራኝ። ወንድሜም ተከተለን።

«ሲስተር፣ ኦክስጅኑ ዝቅ ብሏል» አለኝ በቀስታ። «አንጎል አየር ሲያንሰው ሰው ትክክለኛ ውሳኔ አይወስንም። እንዲህ ሲሆን ቤተሰብ ሊፈርምለት ይችላል። አንቺ ልጁ ነሽ፤ ጥናቱንም ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። ፈርሚለት።»

«ፈርሚ!» አለ ወንድሜ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

እስክሪብቶውን ሐኪሙ ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩም።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልኩ። «አሁን በዚህ ኦክስጅን እሺ ቢልዎ ኖሮ፣ አንጎሉ አየር አንሶታል ብለው ይመልሱት ነበር?»

ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

«ከወረባቦ የመጡትን እናት እሺታ ተቀብለናል። እሳቸውስ ከንፈራቸው አልጠቆረም ነበር? እሺ ሲሉ አዋቂ፣ እምቢ ሲሉ የዞረባቸው ናቸው?»

«ነገሩ እንደዚያ አይደለም...»

«እንዴት ነው ታዲያ?» ድምፄ ከፍ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አልኩት። «አንተ ነህ ያስረዳኸው። ገብቶኛል ብሎሃል። እኔ ልጁ ነኝ እንጂ አፉ አይደለሁም።»

የክፍሉ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ወንድሜ ክንዴን ጨብጦ «ቢሞት በአንቺ ነው» አለኝ። ክንዴን አስለቅቄ ወደ አባቴ አልጋ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ባሰበት። ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ መውደቅ ጀመረ፤ ስጠራው ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይከድናል። ፉጨቱም ቀነሰ፤ የአስም ታማሚ ፉጨቱ የሚቀንሰው ሲሻለው ብቻ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ አየር መግባት ሲያቆምም ይቀንሳል። ሐኪሙ በአልጋው ማዶ ሆኖ ቀና ብሎ አየኝ።

«አሁን መናገር አይችልም፣ ሲስተር» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ይለምነኝ ነበር። «አሁን መልሱ ያንቺ ነው።»

«መናገር ሲችል ተናግሯል» አልኩት።

ወንድሜ ጮኸ። ምን እንዳለ እንኳ አላስታውስም። የማስታውሰው ሐኪሙ ወረቀቱን ወንበር ላይ ወርውሮ እጅጌውን ሲሰበስብ ነው። አድሬናሊን አዘዘ፤ የመተንፈሻ ቱቦ እንዲዘጋጅ አዘዘ፤ ማስኩን ራሱ በሁለት እጁ ጫን አድርጎ ይዞ፣ ባልደረባዬ አየር የሚገፋውን ፊኛ ስትጨምቅ ከአባቴ ትንፋሽ ጋር እያስማማ «አሁን... አሁን...» ይላት ነበር። ጥናቱ ውስጥ ለገባ ሰው ከሚያደርገው አንዲት አላጎደለም። በሐኪሙ ብዙ ተናድጄበታለሁ፤ ይህን ግን ልደብቅበት አልችልም።

ቱቦው ሳያስፈልግ ቀረ። ፉጨቱ ተመለሰ፤ ያን ቀን ያን ድምፅ እንደ ዘፈን ነው የሰማሁት። ከዚያ አባቴ ዓይኑን ገለጠና ፊኛዋን የያዘችውን ልጅ ገፋ አደረጋት። እናቴ በሕይወት ብትኖር «ተሽሎታል፣ መጋፋት ጀመረ» ትል ነበር። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ወንድሜ አጠገቤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሞ ነበር።

በማግስቱ ዋርድ ውስጥ ትራስ ተደግፎ ሻይ ሲጠጣ ደረስኩ።

«አባ፣ ለምንድን ነው እምቢ ያልከው?»

«አንቺም ልትቆጪኝ ነው?»

«አልቆጣም። ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ስንት ዘመን ሐረጎን ስወጣ ስወርድ መሪውን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ጉም ሲሆንም፣ ፍሬን እምቢ ሲለኝም። ትንፋሽ ያጠረኝ ዕለት ዕጣ ልግባ? ሌላው ይግባ፣ አልነቅፍም። ቅርጫም ስገባ ኖሬአለሁ። ይኼ ግን ሥጋዬ ነው።» ብርጭቆውን መልሶ አንስቶ «ደግሞ ሐኪሙ ልጅ ጥሩ አስረዳኝ» አለ። «በደንብ ስለገባኝ ነው እምቢ ያልኩት።»

ሳቅኩ። ይህን ለሐኪሙ ብነግረው ምን ይል ይሆን ብዬ ነው።

በሳምንቱ የጥናቱ ቡድን ስብሰባ ነበረው። ሁሉም ስለ እኔ ሰምቷል። ያ «አውራ ጣቱን ቀለም አስነክተሽ ጨርሺ» ያለኝ ባልደረባችን «ሲስተር ስሜታዊ ሆናለች፣ አባቷ ስለሆነ ነው» አለ። ብድግ አልኩ።

«አባቴ ስለሆነማ እንዲገባ ነበር የምፈልገው» አልኩ። «ስሜቴን ብከተል ኖሮ እፈርም ነበር።»

ከዚያ የምፈልገውን ተናገርኩ። ያስረዳነው ሰው ገብቶት እምቢ ካለ፣ ኋላ ራሱን ቢስትም ቃሉ ይጽና። ቤተሰብ የሚጠየቀው ታማሚው ከመጀመሪያውም መናገር ካልቻለ ብቻ ይሁን። እምቢ ያለ ሰው ባጠገቡ ዘመዱ አይለመንበት። ይህ ካልሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እኔ በዚህ አፌ ከእንግዲህ ማንንም አልጠይቅም።

«እንዲህ ከሆነ የምንፈልገው ያህል ሰው አናገኝም» አለ ሐኪሙ። «ጥናቱ ይጓተታል። ያ መድኃኒት የሚሠራ ከሆነ፣ በተጓተተ ቁጥር የሚሞት ሰው አለ። እሱንስ አስበሽዋል?»

አስቤዋለሁ። ሐቁን ነው፤ እስከ ዛሬም ለዚህ ጥያቄው ሙሉ መልስ የለኝም። ያኔ ያልኩት «ይጓተት» ብቻ ነው። «ሰው ሳይፈቅድ ያገኘነውን መልስ ይዤ ሆጤ ቧንቧ ላይ መቆም የምችል አይመስለኝም።»

ከጥናቱ ለጊዜው ገለል አደረጉኝ። ጥዋት እየገባሁ ቁስል እጠባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። ሐኪሙ በአጠገቤ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል፤ እኔም «እርስዎ»ዬን መልሻለሁ። አንዳንዶች እንጀራዋን በእግሯ መታች አሉ። ልክ ነሽ የሚሉኝ ደግሞ ሰው በሌለበት ጥግ ነበር የሚነግሩኝ፤ እሱ የበለጠ ያናድደኝ ነበር። «ስብሰባው ላይ ምላሳችሁ የት ነበር?» አልኳቸው።

ሐኪሙ ግን ነገሩን አልቀበረውም። የጥናቶችን ሥነ ምግባር ለሚመረምረው ኮሚቴ ራሱ ጻፈ፤ የእኔን ሐሳብና የራሱን ስጋት ጎን ለጎን አድርጎ። መልሱ ሲመጣ ጠራኝ። ኮሚቴው ገብቶት እምቢ ያለ ሰው ቃሉ ይጸናል ብሏል፤ ዘመድም አይለመንም። መናገር እየቻለ መጥቶ ሳይመልስ ራሱን የሳተውን በተመለከተ ግን ሐኪሙ እንዳለው ቤተሰብ ይጠየቃል፤ ታማሚው ሲነቃ ደግሞ እንደገና ራሱ ይጠየቃል።

«ረክተሻል?» አለኝ።

«በከፊል።»

«ነገ ትመለሺያለሽ?»

«እመለሳለሁ።» ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

አባቴ ለክትትል ሲመጣ ሐኪሙ ሊያየው ወረደ። ደረቱን አዳምጦ ሲጨርስ አባቴ «አንተ ልጅ፣ እስቲ ልጠይቅህ» አለው። «እሺ ያሉት ምን እንደሆኑ ትጽፋለህ። እምቢ ያልነውስ?»

«ስንት ሰው እንደተጠየቀና ስንቱ እንዳልተስማማ እንጽፋለን፣ አባባ። ከዚያ በላይ ግን ያልፈቀደን ሰው ጉዳይ መጻፍ አይፈቀድልንም።»

«እኔ ፈቅጃለሁ።»

«ምኑን?»

«እምቢ ማለቴን ጻፍ። ምክንያቴንም ጻፍ። አልገባውም እንዳይሉ።»

ሐኪሙ በረጅሙ ሳቀ፤ ስቆ ሲያበቃ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለካ ሰዎች ለምን እምቢ እንደሚሉ ለብቻው የመጠየቅ ሐሳብ ነበረው። ለእሱም ፈቃድ አስፈልጎ ጊዜ ወሰደ፤ ሲፈቀድ ግን መጀመሪያ የተጠየቀው አባቴ ነው። ሐረጎን ከነጉሙ ተረከለት። ይህን ሲያወራ የሚያቋርጠው ሰው እንደማይወድ ስለማውቅ ምሳዬን በልቼ ተመለስኩ፤ አሁንም እያወራ ነበር።

ጥናቱ እስካሁን አላለቀም። መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ አላውቅም። አባቴ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ሳያይ ቶሎ ይሻለው እንደነበርም አላውቅም፤ ምናልባት የሚደርሰው ውኃው ነበር። በዚህ ክረምት እሺ የሚሉም እምቢ የሚሉም አሉ። ሁለቱንም እየጠየቅኩ ነው።

ወንድሜ ግን አልለቀቀኝም። ባለፈው ዒድ ኮምቦልቻ አባቴ ቤት ተሰብስበን በልተን፣ አባቴ ለሶላት ሲነሳ ወንድሜ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለ። «ያን ቀን ሞቶ ቢሆንስ ኖሮ?»

በሩ ክፍት ስለሆነ አባቴን በረንዳው ላይ ውዱእ ሲያደርግ አየዋለሁ። ክንዱን እስከ ክርኑ ያጥባል፤ ቀስ እያለ፣ ትንፋሹን ሳያጣድፍ።

«ያኔም አልፈርምም ነበር» አልኩት።

ወንድሜ ራሱን ግራ ቀኝ ነቀነቀ፤ ተነስቶም ለሶላት ወጣ።